ለምን 4 ኢንች? የትንሿ ኤሊ ታሪክ

አዲስ ኤሊ ቤት አስገብታችኋል? እንግዲያው ይቺን ታሪክ ስሙ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ መዳፍ የማትሞላ ኤሊ በርካሽ ትሸጥ ነበር። ልጆች ይስሟታል፤ አፋቸው ውስጥም ይከቷታል። ችግሩ ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ ኤሊዋን ሳያሳምማት አንጀቷ ውስጥ ይኖራል፤ ከሰገራዋ ጋር ወጥቶም ውሃዋንና ቅርፊቷን ይበክላል። ብዙ ሕፃናት በተቅማጥና በትኩሳት ታመሙ። በ1975 የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ቅርፊታቸው ከ4 ኢንች (10 ሴንቲ ሜትር ገደማ) ያነሰ ኤሊዎች ለቤት እንስሳነት እንዳይሸጡ ከለከለ። ለምን 4 ኢንች? ትልቋ ሕፃን አፍ ውስጥ አትገባማ!

ትልቋ ግን ከባክቴሪያው ነፃ ናት ማለት አይደለም። ከነካችኋት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ የውሃ ገንዳዋን ሰሃን ማጠቢያው ላይ አትጠቡ፤ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ደግሞ ባይነኳት ይሻላል።