ሩን፦ በማንሃታን ተለወጠች የተባለችው መንደር

ቅመም ተራ ጎራ ብሎ ገውዝ የገዛ ሰው ፍሬዋን ያውቃታል። ከዶሮ እንቁላል ታንሳለች፤ ቡናማና ሽብሽብ ናት። ጥቂት ሲፍቋት ግን ቤቱን በሽታዋ ትሞላዋለች። ባለሱቁ ከቅርንፉዱና ከቀረፋው አጠገብ አኑሯት ዋጋዋን ይነግረናል፤ እኛም ተከራክረን፣ ገዝተን እንሄዳለን። ስሟን ከዓረብኛው «ጀውዝ» ጋር ስለምትጋራ ከዓረብ አገር የመጣች የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ዓረቦቹ ግን ነጋዴዎቿ እንጂ አብቃዮቿ አልነበሩም። የትውልድ አገሯ እጅግ ሩቅ ነው።

ለብዙ መቶ ዓመታት ይህች ፍሬ በዓለም ላይ የምትበቅለው በአንድ ስፍራ ብቻ ነበር። ስፍራውም ዛሬ ኢንዶኔዥያ በምንለው አገር ምሥራቃዊ ባሕር ላይ ጣል ጣል ያሉ ጥቂት ደሴቶች ናቸው። የደሴቶቹ ስም ባንዳ ይባላል። አንባቢ ይህን ቃል ሲያይ ፊቱን እንደሚያጨማድድ አውቃለሁ፤ በእኛ አፍ «ባንዳ» አገሩን ለጠላት የሸጠ ሰው ስም ነውና። እዚያ ግን የቦታ ስም ብቻ ነው። እንዲያውም የባንዳ ሰዎች ታሪክ ቃሉ በእኛ ዘንድ ከያዘው ትርጉም ተቃራኒ መሆኑን ወደ ኋላ እናያለን። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከባንዳ ደሴቶች በስተምዕራብ ጫፍ ላይ ሩን የምትባል ደሴት አለች። ርዝመቷ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወርዷ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከመርከብ ላይ ላያት ሰው ከባሕር ብቅ ያለች አረንጓዴ ጉብታ ናት። በዳገቱ ላይ የተደጋገፉ ቤቶችና የመስጊድ ጉልላት ያሏት አንዲት መንደር አለቻት። ወንዝ ስለሌላት ሰዉ የሚጠጣው ያጠራቀመውን የዝናብ ውኃ ነው። ነዋሪው ዓሣ ያጠምዳል፤ ገውዝም ይለቅማል። ይህን የመሰለ መንደር በዚያ ባሕር ላይ ስፍር ቁጥር የለውም።

ይሁንና ስለዚህች መንደር ዓለም አንድ ወሬ ያውቃል። «ሆላንዶች ማንሃታንን ለእንግሊዝ ሰጥተው በምትኩ ሩንን ወሰዱ» ይባላል። ዛሬ የኒው ዮርክ ሰማይ ጠቀስ ፎቆች የቆሙበትን ምድር በአንድ ጉብታ ለወጡት ተብሎ ይሳቃል። እኔም መጀመሪያ ባነበብሁ ጊዜ ስቄ ነበር። ነገሩን እየቆየሁ ስመረምረው ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ምክንያቱን ላስረዳ።

ፍሬዋና ባለቤቶቿ

የገውዝ ዛፍ ጥላ ይወዳል። በባንዳ ከናሪ ከሚባሉ ግዙፍ ዛፎች ሥር ይተከላል፤ ፍሬ እስኪሰጥም ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ ያስጠብቃል። ፍሬው ሲበስል ቢጫ ኮክ ይመስላል። ሲሰነጠቅ ከውስጡ ቀይ መረብ የለበሰ ጥቁር ዘር ይታያል። ቀዩ መረብ ለብቻው ተገፎ ይደርቅና ራሱን የቻለ ውድ ቅመም ይሆናል፤ የዘሩ ፍሬ ደግሞ እኛ ገውዝ የምንለው ነው። ለቃሚው ጫፉ ላይ ትንሽ ቅርጫት የታሰረበት ረጅም የቀርከሃ ዘንግ ይዞ አንድ በአንድ ያወርደዋል።

በአሥራ ስድስተኛው ምዕተ ዓመት ባንዳ ንጉሥ አልነበራትም። ሕዝቡን የሚመሩት «ኦራንግ ካያ» የሚባሉ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ትርጉሙ «ባለጸጎች» ማለት ነው። እየተሰበሰቡ ይመክራሉ፣ ከነጋዴ ጋር ይዋዋላሉ። የጃቫው፣ የማላዩና የዓረቡ ነጋዴ ሁሉ ወደ ወደባቸው ይመጣ ነበር። አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። ባንዳ ገውዝ እንጂ እህል አታበቅልም። ሩዙ ከጃቫ፣ ሳጎ የሚባለው የዘንባባ ዱቄት ደግሞ ከአጎራባች ደሴቶች ይመጣል። ስለዚህ ለባንዳ ሰው ገውዙን ለፈለገው መሸጥ ማለት እንጀራው ነው። ኋላ የሆነውን ሁሉ ለመረዳት ይህን መያዝ ይበቃል።

ፖርቱጋሎች ማላካን በ1511 ከያዙ በኋላ በ1512 ባንዳ ደረሱ፤ ነገዱ እንጂ አልገዙም። የከፋው ሆላንዶች ሲመጡ ነው። የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በተቋቋመበት በ1602 አንዳንድ ኦራንግ ካያዎች ገውዛቸውን ለሆላንዶች ብቻ እንዲሸጡ የሚያስገድድ ውል አስፈረሟቸው። ውሉ እንደ ቃሉ ቢፈጸም ሩዝና ሳጎ ይዞ የሚመጣው ነጋዴ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያም አይመጣም። ማለትም ውሉ የረሀብ ውል ነበር። የባንዳ ሰዎች ለቀድሞ ደንበኞቻቸው መሸጣቸውን ቀጠሉ። ሆላንዶች ይህን ክህደት አሉት።

በ1609 ሆላንዳዊው አድሚራል ፌርሁፈን በኔይራ ደሴት ላይ ምሽግ ሊሠራ ወታደር ይዞ ወረደ። የባንዳ ሰዎች ለድርድር ጠርተው ከነባልደረቦቹ ገደሉት። በዚያ ጉዞ ላይ ያን ፒተርስዞን ኩን የሚባል ወጣት ነበር። ይህ ወጣት ቂሙን ይዞ ሄደ፤ ከ12 ዓመት በኋላም ጠቅላይ ገዥ ሆኖ ተመለሰ።

«የሩንና የአይ ንጉሥ»

በ1616 ሆላንዶች የሩን ጎረቤት የሆነችውን አይን ያዙ፤ በዚያ የሠሩትንም ምሽግ «ብቀላ» ብለው ሰየሙት። ከአይ ያመለጠው ሕዝብ ወደ ሩን ጎረፈ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ ናትናኤል ኮርትሆፕ የተባለ እንግሊዛዊ በሁለት መርከብ ሩን ደረሰ። የደሴቲቱ ሽማግሌዎች ከሁለቱ ክፉዎች የቀለለውን መረጡና ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጄምስ አንደኛ አደሩ። ለምልክትም የገውዝ ችግኝ ከነአፈሩ አስረከቡ። ጄምስም በማዕረጉ ላይ የሩንና የአይ ንጉሥ መባልን ጨመረ።

ንጉሡ ግን ሩቅ ነበር። ኮርትሆፕ ሁለቱንም መርከቦች አጣ፤ ከጥቂት አሥር ሰዎች ጋር ደሴቲቱ ላይ ተከበበ። የሆላንድ መርከብ ባሕሩን ዘግቶ ምግብ ሲከለክል፣ በዝናብ ውኃና በሾለከ ሩዝ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀር ቆየ። በ1620 ጥቅምት ሌሊት በጀልባ ሲጓዝ ሆላንዶች አድፍጠው ገደሉት። እንግሊዞች ይህን ሰው በጀግንነት ያነሡታል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ አብረውት የተራቡት፣ ጀልባ እየቀዘፉ በሆላንድ መድፍ ሥር ሩዝ ያሾለኩለት የሩን ሰዎች ስማቸው በየትኛውም መጽሐፍ ጎልቶ አይነበብም። አገራቸውን አልሸጡም፤ ስማቸው ግን አልተጻፈም።

1621

ኩን በ1621 የካቲት ወር ወደ 1,600 የሚጠጋ የአውሮጳ ወታደርና የጃፓን ቅጥረኞች ይዞ ባንዳ ደረሰ። ታላቋን ደሴት ሎንቶርን ወጋ፤ ያዘም። ግንቦት ላይ ከ40 በላይ ኦራንግ ካያዎችን አስሮ በጃፓናውያኑ ሰይፍ አስፈጃቸው። ሕዝቡ ወደ ተራራ ሸሸ፤ ብዙው እዚያው በረሀብና በበሽታ አለቀ። ከገደል ራሱን የወረወረም ነበር። በመቶ የሚቆጠሩት ደግሞ በባርነት ወደ ባታቪያ፣ ወደ ዛሬዋ ጃካርታ፣ ተጋዙ። ተመራማሪዎች ከዘመቻው በፊት የባንዳን ሕዝብ ወደ 15,000 ይገምቱታል፤ በደሴቶቹ ላይ የቀረው አንድ ሺህ ያህል ብቻ ነበር።

መሬቱ በሽንሽን ለሆላንዳውያን ታደለ፤ ጉልበቱም ከየአገሩ የተጋዘ ባሪያ ሆነ። ገውዙን ካላቸው አደጋ ለመጠበቅ ኩባንያው ፍሬውን ለሽያጭ ከመላኩ በፊት በኖራ ይነክረው ነበር፤ ሌላ አገር ተተክሎ እንዳይበቅል።

ሩንስ? ሩን ለሆላንዶች የማትመች ጉዳይ ነበረች። እንግሊዝ «የእኔ ናት» ማለቷን አልተወችም። በ1654 በተደረገው ውል ሆላንድ ደሴቲቱን ለመመለስ ተስማማች። ኩባንያው ግን ሌላ ዘዴ ነበረው፤ የገውዙን ዛፍ ደጋግሞ አስጨፈጨፈው። እንግሊዞች በ1665 ደሴቲቱን ሲረከቡ ያገኙት የተራቆተ ድንጋይ ነበር። ጦርነት ፈነዳና በዚያው ዓመት መልሰው ተነጠቋት።

ልውውጡ እውነት ነውን?

አሁን ወደ ታወቀው ወሬ እንመለስ። በ1664 የእንግሊዝ መርከቦች በሰሜን አሜሪካ የነበረችውን የሆላንዶች ከተማ ኒው አምስተርዳምን ያዙና ኒው ዮርክ አሏት። ጦርነቱ ሲያበቃ በ1667 ሐምሌ በሆላንድ ከተማ በብሬዳ የሰላም ውል ተፈረመ። የውሉ መሠረት «ሁሉም በእጁ የያዘውን ይዞ ይቅር» የሚል ነበር። እንግሊዝ ማንሃታንን ይዛ ቀረች፤ ሆላንድ ሩንንና በዚያው ጦርነት የማረከችውን፣ ሸንኮራ የሚበቅልባትን ሱሪናምን ይዛ ቀረች። እንግዲህ ገበያ ወጥተው «ያንን ስጠኝ ይህን ልስጥህ» የተባባሉበት ልውውጥ አልነበረም። እንዲያውም ሆላንዶች በ1673 ኒው ዮርክን መልሰው ይዘዋት ነበር፤ ለዘለቄታው የለቀቋት በ1674 ነው።

ሆላንዶቹ ሞኝ ነበሩ የሚለውም ፌዝ አያስኬድም። ዛፉ ያለቀባትን ደሴት ለምን ፈለጓት? በተቀናቃኝ እጅ ያለች አንዲት ችግኝ የገበያውን አጥር ስለምታፈርስ ነው። ሩን ያስፈለገችው ለምታፈራው ሳይሆን ሌላው እንዳያፈራባት ነበር።

ሳቄን ያጠፋው ግን ሌላ ነው። ወሬው «ማን አተረፈ? ማን ከሰረ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚቆጥረው ሁለት ነጋዴዎችን ብቻ ነው። በብሬዳው ጠረጴዛ ዙሪያ ከሩን ሽማግሌዎች አንድም ሰው አልተቀመጠም። ማንሃታንንም ብንወስድ፣ ሆላንዶች በ1626 በ60 ጊልደር ገዛናት ያሏት ሌናፔ ከሚባሉት የአገሬው ሰዎች ነበር፤ እነሱንም ብሬዳ ማንም አልጠራቸውም። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» እንላለን። በሁለቱም ደሴቶች አጥሩ ከመነቅነቁ በፊት ባለቤቱ ተንቆ ነበር። ዛሬ እኛ ወሬውን እየተቀባበልን ስንስቅ ያንኑ ንቀት ሳናውቀው እንደግመዋለን።

ከዚያ ወዲህ

ያ ሁሉ ደም የፈሰሰበት ብቸኛ ገበያ ዘላለማዊ አልሆነም። በ1770 ገደማ ፒየር ፗቭር የተባለው ፈረንሳዊ የገውዝ ችግኝ ወደ ሞሪሺየስ አሻገረ። ናፖሊዮን በአውሮጳ ሲዋጋ እንግሊዞች ባንዳን በ1810 ያዙና ችግኙን ወደ ሌሎች ቅኝ ግዛቶቻቸው ወሰዱት። በካሪቢያን የምትገኘው ግሬናዳ ገውዝን በሰንደቅ ዓላማዋ ላይ እስከ መሳል ደረሰች። ባሪያዎቹ በ1860 ነፃ ወጡ። ባንዳ የተረሳች የስደት ስፍራ ሆነች፤ የኢንዶኔዥያ ነፃነት መሪዎች መሐመድ ሐታና ሱታን ሻህሪር በ1936 ወደ ኔይራ ተግዘው እስከ 1942 ድረስ የኖሩባት።

ኩን በትውልድ ከተማው በሆርን ከ1893 ጀምሮ ሐውልት ቆሞለታል። በ2011 አንድ ክሬን ገጭቶ ጣለው፤ «ይነሣ፣ አይነሣ» የሚል ክርክር ተነሥቶ በኋላ መልሰው አቆሙት፤ ሥራውን የሚነቅፍ ጽሑፍም ከሥሩ አኖሩለት። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይባላል፤ እዚህስ የወጋውም አገር ቀስ በቀስ እያስታወሰ ይመስላል።

የተወጉትስ? በ1621 በጀልባ ያመለጡ የባንዳ ሰዎች በስተምሥራቅ ወደሚገኙት ወደ ካይ ደሴቶች ደርሰው ሁለት መንደር ቆረቆሩ፤ ባንዳ ኤሊና ባንዳ ኤላት ይባላሉ። በባንዳ ደሴቶች ላይ የጥንቱን ቋንቋ የሚናገር የለም። በእነዚህ ሁለት መንደሮች ግን ቋንቋው ከነስሙ ኖሯል። ቅመሙን ቀሟቸው፣ መሬቱን ቀሟቸው፤ አንደበታቸውን ይዘው ነው የሸሹት።

ዛሬ በሩን መንደር የሚኖሩት በአብዛኛው ኋላ ከሌሎች ደሴቶች የመጡ ሰዎች ልጆች ናቸው። የተጨፈጨፈው ዛፍ ግን ተመልሶ በቅሏል። በየደጃፉ ገውዙ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ ቀዩ መረብ ለብቻው፣ ዘሩ ለብቻው። ሥጋው እንኳ አይጣልም፤ በስኳር ተቀቅሎ ማርማላት ይሆናል። ከአንዱ ዋንጫ ወደ ሌላው ዋንጫ እየተገለበጠ፣ በስንት ነጋዴ እጅ ያለፈ ፍሬ እኛም ሰፈር ይደርሳል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ባለሱቁ የገውዝ ዋጋ ሲነግርዎ «ተወደደ» ብለው መከራከርዎ አይቀርም፤ እኔም እከራከራለሁ። ነገር ግን ፍሬዋን በመዳፍዎ ይዘው ጥቂት ቢያስቡ አይከፋም። አንድ ጊዜ ስለዚህች ፍሬ እጅግ ውድ ዋጋ ተከፍሏል፤ የከፈሉትም ገዢዎቿ አልነበሩም።