የሴት ድምፅ በመድረክ፤ በሰሜን አዲስ አበባ የሴቶች መብትና የሕዝብ ቴአትር

ከእንጦጦ ግርጌ በሚገኘው በጉለሌ የሸማ ሥራ በቆየ ልማድ የተከፈለ ነው፤ ማጉን የምትፈትለው ሴት ናት፥ መወርወሪያ ይዞ የሚሸምነው ወንድ ነው፤ ሸማው ግን የሚጠራው በሸማኔው ስም ነው። ከተራራው የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትም ሴቶች ናቸው። በእንዲህ ያለ ሰፈር ስለ ሴቶች መብት ቴአትር በታየ ጊዜ፥ ተውኔቱ ምን ይላል ከማለት አስቀድሞ፥ በመድረኩ ቆሞ የሚናገረው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የዚህ ጥያቄ ታሪክ ከዚያው አካባቢ አይርቅም። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል፥ በስድስት ኪሎ፥ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ነበረ። በስዊዘርላንድ የተማሩትና በጠላት ዘመን በአዚናራ ደሴት የታሰሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከነጻነት በኋላ የዚህ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ሆነው፥ ለተማሪዎቻቸው ተውኔት ይደርሱ ነበር፤ ከድርሰቶቻቸውም ከፊሉ በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ» ተብሎ ታትሟል። የተውኔቶቹ ዋና ነገር የሀገር ፍቅርና የወረራው መከራ ስለ ሆነ፥ የሴቶችን መብት በርእስ ብቻ የሚፈልግ ተመራማሪ ሳያያቸው ያልፋል። ነገር ግን በ1927 ዓ.ም. በተቋቋመው በሀገር ፍቅር ማኅበር መድረክ አስቀድሞ የሴትን ክፍል የሚጫወተው ቀሚስ የለበሰ ወንድ ነበር፤ አስናቀች ወርቁና ሰላማዊት ገብረ ሥላሴ ከመጀመሪያዎቹ ተዋንያት መካከል ሆነው የተነሡት ዘግየት ብሎ ነው። በሕዝብ ፊት የምትጫወት ሴት «አዝማሪ» መባሏ አይቀርም ነበር (አዝማሪነት ራሱ ስለ ምን ስድብ እንደ ሆነ ሌላ ጥናት ያሻዋል)። እንግዲህ ልጃገረዶች በትምህርት ቤት መድረክ ቆመው ስለ ሀገር መናገራቸው ራሱ የመብት ነገር ነበር።

ሕጉ ከመድረኩ ዘገየ። ወይዘሮ ስንዱ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1957 ተመርጠው የመጀመሪያዪቱ የፓርላማ ሴት እንደራሴ ሲሆኑ፥ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ 635ኛ አንቀጽ ባልን የቤተሰብ አለቃ አደረገው። ይህ ለአዲስ አበባ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው።

በደርግ ዘመን በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቋመ፤ በ1972 ዓ.ም. ደግሞ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ተመሠረተ። ብዙ ልጃገረዶች በጎረቤቶቻቸው ፊት መተወንን የለመዱት በዚህ ጊዜ ነው፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ቃሉ ግን ከላይ የተላከ ስለ ነበረ፥ ተመልካቹ እንዲያጨበጭብ እንጂ እንዲመልስ አልተጠየቀም።

ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል ያስፋፋው ዘዴ፥ በአዲስ አበባም አዱኛ የተባለው የማኅበረሰብ ዳንስ ቴአትር ቡድን የሠራበት፥ ከዚህ ይለያል። ጨዋታው በጠቡ መካከል ይቆምና ከተመልካቾች አንዷ ወጥታ የተበዳይዋን ቦታ እንድትይዝ ትጋበዛለች። የፈትሉ ዋጋ በማን እጅ ይግባ የሚለው ክርክር በጉለሌ በዚህ መንገድ ቢቀርብ፥ ቀጣዩን ቃል የምትናገረው ፈታይዋ ትሆናለች፤ ባሏም ከተመልካቾች መካከል ተቀምጦ ይሰማል።