መራመድ ወይስ ማሰብ፤ የትኛው ቀደመ?

የሰውን ልጅ አመጣጥ፣ አካልና ልማድ የሚመረምረው ትምህርት አንትሮፖሎጂ ይባላል። ስለ ጥንቱ ዘመን ዋነኛ ምስክሩ ቅሪተ አካል ነው፤ ይኸውም በመሬት ውስጥ ብዙ ዘመን ቆይቶ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ አጥንት ማለት ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 በእንግሊዝ አገር፣ ፒልትዳውን በተባለ ስፍራ፣ ትልቅ የሰው ራስ ቅልና ዝንጀሮ የሚመስል መንጋጋ ተገኘ ተባለ። ብዙ ሊቃውንትም «አስቀድሞ ያደገው አንጎል ነው» የሚለውን አሳባቸውን ስለ ደገፈላቸው በደስታ ተቀበሉት። በ1925 ሬይመንድ ዳርት በደቡብ አፍሪቃ ከታውንግ የተገኘውን የሕፃን ራስ ቅል መርምሮ፣ አንጎሉ ትንሽ ቢሆንም በሁለት እግሩ ይሄድ ነበር በማለት አውስትራሎፒቴከስ አፍሪካነስ ብሎ ሰየመው፤ ነገር ግን ያመኑት ጥቂቶች ነበሩ።

በ1953 ግን የፒልትዳውኑ አጥንት የሰው ቅልና የኦራንጉታን መንጋጋ ተገጣጥሞ፣ ጥርሱ በሞረድ ተሞርዶ፣ ቀለም ተቀብቶ የተሠራ ማታለያ መሆኑ ተገለጠ። በ1974 በአገራችን በሐዳር የተገኘችው፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል የሆነው ድንቅነሽ፣ በዳሌዋና በጉልበትዋ አጥንት በሁለት እግር ትሄድ እንደ ነበር መሰከረች፤ የወገኖችዋ አንጎል ግን ትንሽ ነበር። መራመድ ማሰብን ቀደመ ማለት ነው።

እንግዲህ ተማሪ የሆነ ሁሉ፣ ከሚጠላው ማስረጃ ይልቅ የሚወደውን አጥብቆ ሊመረምር ይገባዋል።