ከገበታው ወደ ኮዱ፦ የግዕዝ ፊደል በፕሮግራም ቋንቋዎች ውስጥ

በፒያሳ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች የሠራ ወይም ያስጻፈ ሰው አንድ ነገር ያስታውሳል። ደንበኛው ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ ፋይሉ ሲከፈት ግን በአማርኛው ፋንታ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይታያል። መልሱም «ፎንቱ የለንም» ነው። በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ያትም የነበረው እርሳስ ፊደል እየለቀመ ነበር፤ በእርሳሱ ዘመን ግን የተለቀመ «መ» ሌላ ፊደል ሆኖ አያውቅም።

ችግሩ ከቁጥር ይመጣል። በ1963 (እ.ኤ.አ.) የወጣው፣ ለእያንዳንዱ ምልክት ቁጥር የሚሰጠው የአስኪ ኮድ 128 ቦታ ብቻ አለው። ስምንት ቢት ሲሞላ 256 ይሆናል፤ ግማሹ አስቀድሞ ተይዟል። 33ቱ የአማርኛ ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው 231 ናቸው፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዙና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሶፍትዌሮች ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት ይከፍሉት፣ ወይም እንደ ታይፕራይተር ከቁርጥራጭ ይገጣጥሙት ነበር። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና አጋፋሪ የየራሳቸው አደራደር ነበራቸው። በፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ኮድ ነው፤ አማርኛው ሥዕሉ ብቻ ነበር። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ያዘጋጁት «ሴራ» በሌላ መንገድ ሄዶ አማርኛን ሆን ብሎ በላቲን ጻፈ፤ ትንሹና ትልቁ የላቲን ፊደል «ተ»ን ከ«ጠ» ይለይ ነበር።

የዓለም ጽሕፈቶች የጋራ የኮድ ሠንጠረዥ የሆነው ዩኒኮድ 3.0 በ1999 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ 345 የኢትዮጵያ ምልክቶችን ያዘ። አደራደሩን ሳየው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ የፊደል ገበታው ራሱ ወደ ሒሳብ ተለውጧልና። «ሀ» 4608 ነው፤ እያንዳንዱ ረድፍ ስምንት ቦታ አለው። «ሞ» 4638 ነው። 4608 ሲቀነስለት 30 ይተርፋል፤ 30 ለ8 ሲካፈል 3 ደርሶ 6 ይቀራል። ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር አራተኛው ረድፍ፣ ሳብዕ ማለት ነው። እንደ «ሏ» ያሉት ስምንተኛውን ቦታ ይዘዋል። «ቈ» የራሱ ረድፍ ሲሰጠው ካዕብና ሳብዕ ስለሌሉት ቦታቸው ባዶ ተትቷል። ፕሮግራም ጸሐፊ ያለ ምንም ሠንጠረዥ ግዕዙን ከራብዑ መለየት ይችላል። ተጨማሪ ፊደላት በ2005፣ በ2010 እና በ2021 (እ.ኤ.አ.) ገብተዋል።

ኮድ ማግኘት ግን ግማሹ ሥራ ነው። ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ምልክት ጠባይ ይሰጣል፤ የፕሮግራም ቋንቋዎችም የሚታዘዙት ይህን ጠባይ ነው። በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ ከሚሸጡት የጸሎት መጻሕፍት ብዙዎቹ ቃላትን በሁለት ነጥብ (፡) ይለያሉ። ዩኒኮድ ግን ይህን ምልክት ከሥርዓተ ነጥብ እንጂ ከባዶ ቦታ ወገን አልመደበውም። በፓይተን 3 የፕሮግራም ቋንቋ ቃላትን በባዶ ቦታ የሚከፍለው ትእዛዝ እንዲህ በተጻፈ ገጽ ላይ ሲሠራ መስመሩን ሙሉ እንደ አንድ ቃል ይወስደዋል። «የሚታይ ምልክት ስለሆነ ነው» የሚለው ምክንያት አያሳምነኝም፤ የጥንቱ የአየርላንድ ኦጋም ጽሕፈት የቃል መለያ አብዛኛውን ጊዜ በመስመር እየታየ ባዶ ቦታ ተብሎ ተመዝግቧልና።

የአኃዙ ነገር ከዚህ ይለያል። ፓይተን «፩»ን ወደ ቁጥር ለውጥ ሲባል ስህተት ነው ይላል። ይህ ንቀት አይደለም። ግዕዝ ዜሮ የለውም፤ «፳፻፲፯» የሚነበበው ሃያን በመቶ አባዝቶ ዐሥራ ሰባት በመደመር ስለሆነ ከአሥርዮሽ አኃዞች ጋር ቢመደብ ኖሮ ውጤቱ ይሳሳት ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ፍለጋ ነው። «ዓለም» ብሎ የፈለገ «አለም» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም፤ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ብዙ ባለሙያዎች ሞክሼ (ድምፃቸው አንድ የሆነ) ፊደላትን ወደ አንድ ይመልሳሉ፤ ለዘመናዊ አማርኛ ጋዜጣ ይህ ይጠቅማል። በግዕዝ ግን «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ሌባ ሆነ ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች በአንድ የኮድ ክልል ስለሚጻፉ ፕሮግራሙ ፊደሉን አይቶ ብቻ የትኛውን እንደሚያነብ አያውቅም፤ የቋንቋው ስም ከጽሑፉ ጋር አብሮ መመዝገብ አለበት።