ኀላፊና ትንቢት በሕፃናት ትምህርት

ሕፃን ከዛሬ በቀር ሌላ ዘመን የለውም፤ ያለፈው ለእርሱ ተረት ነው፥ የሚመጣውም ሕልም ነው። ስለዚህ ታሪክ ከማስተማር አስቀድሞ ዘመን የሚባለውን ነገር እንዲጨብጥ ማድረግ ይገባል። አባቶቻችን ይህን እንዴት ያደርጉት እንደ ነበረ ማስታወስ ለዛሬ ወላጅና መምህር ይጠቅማል።

መጀመሪያው ትምህርት በቤት ነው። እናት «ትናንት ሚካኤል ነበረ፤ ዛሬ እግዚአብሔር አብ ነው፤ ነገ አቡነ አረጋዊ ነው» ስትል፥ ልጁ ወሩ 12፣ 13፣ 14 ማለቱን ቍጥር ሳይማር ያውቀዋል። ቋንቋችንም ራሱ መምህር ነው፤ ላለፈው ዓመት አምና፣ ለያዝነው ዘንድሮ፣ ለሚመጣው ከርሞ የሚል ቃል ለየብቻው ሰጥቶናልና።

ሁለተኛው በየኔታ እግር ሥር ነው። ፊደል የለየ ልጅ ዳዊት ሲደግም፥ አባቶች ያወቁትን ለልጆቻቸው እንዲነግሩ፥ እነዚያም ገና ላልተወለደው ትውልድ እንዲያስተላልፉ መታዘዙን በ77ኛው መዝሙር ያገኛል። ከፍ ሲልም ባሕረ ሐሳብ ይማራል። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ጨምሮ ለ4 ያካፍላል፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። 2018ን ቢወስድ 7518 ይሆናል፤ 2 ይተርፋልና ዘመነ ማርቆስ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ዘመነ ሉቃስ እንደሚመጣ፥ በፍጻሜውም ጳጕሜን 6 ቀን እንደምትሆን ገና ሳይደርስ ያውቃል።

ሦስተኛው በቅኔ ቤት ነው። ተማሪው ግሥ ሲያወርድ «ቀደሰ፤ አመሰገነ» ይላል፤ ይህ ኀላፊ ነው። «ይቄድስ፤ ያመሰግናል» ይላል፤ ይህ ትንቢት ይባላል። ልብ እንበል፤ ዛሬ የሚደረገውና ነገ የሚደረገው በዚህ በአንዱ ቃል ያድራሉ። ሊቃውንቱ ለሁለቱ አንድ ስም መስጠታቸው፥ የነገው ሥራ ዛሬ ከተያዘው እንደማይለይ ለተማሪው ይጠቍመዋል።

ይህን ትምህርት ከአገር ታሪክ ጋር እናገናኘው። የመካነ ሰላም፣ የቦረናና የሳይንት ደጋ ቀድሞ ቤተ አምሐራ ከሚባለው አገር ነው። በ1524 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ሠራዊት ወደ ቤተ አምሐራ ገብቶ አትሮንሰ ማርያምንና መካነ ሥላሴን አቃጠለ። የዚያ አገር ልጅ 5500 ቢጨምር 7024 ያገኛል፤ ሲያካፍለው ምንም አይተርፍም፤ እንግዲያስ ዘመነ ዮሐንስ ነበረ። ከ2018 ሲቀንሰውም 494 ዓመት ይሆናል። ተረት የነበረው ነገር በዚህ ጊዜ ስፍራና ቍጥር ያገኛል።

ነገር ግን መምህሩ በቃጠሎው ላይ ቢያቆም ለልጁ ኀዘንን ብቻ ያወርሰዋል። በዚያው በቦረና ያለችውን ጋስጫን ደግሞ ይንገረው። ከቃጠሎው መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ የነበሩት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ፥ ገድላቸው እንደሚነግረን፥ በልጅነታቸው ትምህርት ጸንቶባቸው ነበር። ኋላ ግን መጽሐፈ ምሥጢርንና መጽሐፈ ሰዓታትን ደረሱ። ሕንጻው ነደደ፤ ሰዓታቱ ግን ዛሬም ሌሊት ይቆማል። ቀደሰ ብቻ አይደለም፤ ይቄድስም አለ።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያንን የእርሻ መሬት ከወሰደ ወዲህ፥ የአብነት መምህር መተዳደሪያ ጠብቧል፤ ኑሮው ያልቀና መምህርም ደቀ መዝሙር ለማቈየት ይቸገራል። ባሕረ ሐሳብ በመጽሐፍ ታትሞ ይገኛል፤ ልጅን በጣቱ ይዞ የሚያስቈጥር ሰው ግን በማተሚያ ቤት አይሠራም። ስለዚህ ደብሩ መምህሩን ይደግፍ፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርም የታሪክን ዓመት ለልጅ ሲነግር፥ ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት እንደ ሆነ ያስቈጥረው፤ ከጥፋቱም የተረፈው ምን እንደ ሆነ ይጠይቀው። ከዚያም «የተረፈውን ከርሞ ማን ይጠብቀዋል?» ይበለው፤ ልጁም ይመልስ።