ጉልበት ሲደክም ወደ አሜሪካ፦ የአንጋፋ ኳስ ተጫዋቾች ታሪክ

በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ስለ መዋጮና ስለ ቀብር ሥነ ሥርዓት ብቻ ሳይሆን ስለ ልዩ ልዩ ቁም ነገር መጻፍ የተለመደ ነው። እኛም ለዘንድሮው እትም ስለ እግር ኳስ ለመጻፍ ተነሥተናል። «ኳስና ዕድር ደግሞ ምን አገናኛቸው?» የምትሉ አትጠፉም። ትንሽ ብትታገሡን ግንኙነቱ ከታች ይገኛል።

የዓባይ ማዶ ልጆች በየሻይ ቤቱ ሲከራከሩ እንሰማለን። ሜሲ በ36 ዓመቱ፣ በ2023፣ ማያሚ ለሚገኝ ክለብ መፈረሙ ለገንዘብ ነው የሚል አለ፤ ለዕረፍት ነው የሚልም አለ። ነገሩ ግን ትናንት የተጀመረ አይደለም፤ ከ50 ዓመት በፊትም ነበር። የውጭውን ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የአገራችንን ደግሞ «ዓ.ም.» እያልን በራሳችን አቆጣጠር እንጽፋለን።

አሜሪካኖች ኳስ ሲባል የሚያውቁት በእጅ የሚያዘውን የራሳቸውን ጨዋታ ነበር። በ1966 እንግሊዝ ላይ የተደረገው የዓለም ዋንጫ በቴሌቪዥን ሲታይ ግን ሀብታሞቻቸው «ይህ ነገር ገንዘብ ሳያመጣ አይቀርም» ብለው በ1968 የሰሜን አሜሪካን ሊግ አቋቋሙ። ቡድን ማቋቋም ቀላል ነው፤ ተመልካች ማምጣቱ ነው ችግሩ። ስታዲዮሙ ባዶ ሆነባቸው። ስለዚህ ስም ያለው ሰው መፈለግ ጀመሩ። በ1975 ዋርነር የተባለው ትልቅ ኩባንያ የያዘው የኒው ዮርክ ኮስሞስ ክለብ የብራዚሉን ፔሌን በሚሊዮን በሚቆጠር ዶላር አስፈረመ። ፔሌ ያን ጊዜ 34 ዓመቱ ነበር። ሳንቶስ ከሚባለው ክለቡ በ1974 ተሰናብቶ ነበር፤ ነገር ግን በንግድ ከስሮ ዕዳ ስለ ነበረበት እንደገና ጫማውን አጠለቀ።

መንገዱ አንዴ ከተከፈተ በኋላ የአውሮፓ አንጋፋዎች ተከታትለው ገቡ። በሞዛምቢክ ተወልዶ ለፖርቱጋል የተጫወተውና በ1966 የዓለም ዋንጫ 9 ግብ ያገባው ዩዜቢዮ በ1975 ቦስተን፣ በ1976 ደግሞ ካናዳ ቶሮንቶ ገብቶ ከቡድኑ ጋር የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። የእንግሊዙ አምበል ቦቢ ሙር በ1976 ወደ ሳን አንቶኒዮ ሄደ። ጆርጅ ቤስት በዚያው ዓመት ሎስ አንጀለስ ገባ። ጀርመናዊው ቤከንባወር በ1977 ኮስሞስን ተቀላቀለ፤ የአገሩ ልጅ ጌርድ ሙለር በ1979 ፎርት ላውደርዴል ገባ። በዚያው ዓመት ሆላንዳዊው ክራይፍ ሎስ አንጀለስ ደረሰ።

ታዲያ ለምን ሄዱ? እኛ ዕድሜያችንን የደመወዝ ዝርዝር ስናዘጋጅና የጡረታ መዝገብ ስናገላብጥ የኖርን ሰዎች ስለሆንን ነገሩን በዚያው ዓይን እናየዋለን። የቢሮ ሠራተኛ እስከ ጡረታው ይሠራል፤ ከዚያም ትንሽም ብትሆን ወር ጠብቃ የምትመጣ ገንዘብ አለችው። ኳስ ተጫዋች ግን ሌላው ሰው ሥራውን ገና በሚያደላድልበት በ35 ዓመቱ «በቃህ» ይባላል። በእንግሊዝ አገር እስከ 1961 ድረስ የተጫዋች ደመወዝ በሳምንት ከ20 ፓውንድ እንዳይበልጥ በደንብ ተወስኖ ነበር። ያገኙትንም ቢሆን ሁሉም አልያዙትም። ያ ጥበበኛ ክራይፍ እንኳ ገንዘቡን በአሳማ እርባታ ላይ አውሎ ከሰረ፤ ኳስ አቁሜያለሁ ብሎ የነበረው ሰው ተመልሶ ለመጫወት የተገደደው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ «ስግብግብ» ብሎ መፍረድ ይከብዳል። የቤተሰብ አስተዳዳሪ የሆነ ሁሉ ነገሩ ይገባዋል።

ሥራውም ቢሆን ዕረፍት አልነበረም። ብዙው ሜዳ በሰው ሠራሽ ሣር የተሸፈነ ስለሆነ ጉልበት ያማል፤ ዩዜቢዮ ደግሞ ጉልበቱን ደጋግሞ የተቀደደ ሰው ነው። ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው የሚኬደው ረጅም ሰዓት በአውሮፕላን ነው። ጨዋታው እኩል ሲያልቅ ተጫዋቹ ከ35 ያርድ ላይ ተነሥቶ በ5 ሴኮንድ ውስጥ በረኛውን አልፎ ማግባት ነበረበት። አንጋፋዎቹ ይህን ሁሉ እንደ አዲስ ተማሩት።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሠመረ። ነሐሴ 14 ቀን 1977 ኮስሞስ ሲጫወት 77,691 ሰው ገባ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 1 ቀን ፔሌ ሲሰናበት ግማሹን ለኮስሞስ፣ ግማሹን ለሳንቶስ ተጫወተ። በ1978 የሊጉ ክለቦች 24 ደረሱ። ሁሉም ግን ኮስሞስን ለመምሰል ከአቅሙ በላይ አወጣ፤ በሌሎቹ ከተሞች የሚገባው ሰው ደግሞ ጥቂት ነበር። ባለሀብቶቹ ኪሳራ ሲበዛባቸው አንድ በአንድ ሸሹ። በ1984 የቀሩት 9 ክለቦች ብቻ ነበሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሊጉ ተዘጋ። ሀብታሙ ድንኳኑን ጠቅልሎ ሲሄድ ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ሆኖም ሁሉም ከንቱ አልቀረም። ያን ጊዜ ኳስ ያዩ ሕፃናት አድገው ልጆቻቸውን ኳስ አስተማሩ። በ1994 አሜሪካ የዓለም ዋንጫን አስተናገደች፤ በ1996 አዲሱ ሊግ ተጀመረ። ይኸኛው ከፊተኛው ውድቀት ተምሮ የተጫዋቹን ውል ሊጉ ራሱ እንዲይዝና የደመወዝ ወጪ ገደብ እንዲኖረው አደረገ። በ2007 ቤካም ሲመጣ ነው ለጥቂት ስመ ጥር ሰዎች ገደቡ የተላላው። ሜሲ የገባውም በዚሁ በር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። ጨዋታው ካበቃ በኋላ እነዚያ ሰዎች ምን ሆኑ? ቦቢ ሙር የዓለም ዋንጫን ለአገሩ ያስገኘ ሰው ሆኖ ሳለ የአገሩ እግር ኳስ አንድም የሚገባው ሥራ ሳይሰጠው በ1993 በ51 ዓመቱ በካንሰር ሞተ። ሐውልቱ በዌምብሌይ የቆመው በ2007፣ ከሞተ ከ14 ዓመት በኋላ ነው። ጌርድ ሙለር ፍሎሪዳ ውስጥ ምግብ ቤት ከፍቶ ነበር፤ በኋላም በመጠጥ ተጎድቶ ወደ ጀርመን ተመለሰ። እሱን ግን የባየርን ሙኒክ የድሮ ጓደኞቹ አልተዉትም። ወስደው አሳከሙት፤ ሲድንም ወጣቶችን እንዲያሠለጥን በክለቡ ሥራ ሰጡት። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠርቶ በ2021 ሞተ። እንግዲህ ፍረዱ፤ ይህ ዕድር አይደለምን?

የእኛስ? ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ያሠለጠኑት ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲወስድ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ያ ሰው ከአብዮቱ በኋላ አገሩን ለቅቆ ጣሊያን ገባ። የእሱ ጉዞ ኮንትራት ሳይሆን ስደት ነበር፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. እዚያው አረፈ። በዚያው ጨዋታ የመጨረሻውን ግብ ያገባው መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ እዚሁ ቀርቶ አሠልጣኝ ሆነ፤ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. በአገሩ አፈር አረፈ።

አሜሪካ የገቡት ወገኖቻችንም ሥራ ሠርተዋል። የሀብታሞቹ ሊግ የመጨረሻ ዓመቱን በተጫወተበት በ1984፣ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። በየከተማው ያሉ ቡድኖች በየዓመቱ በሰኔ መጨረሻ ግድም በአንድ ከተማ ተሰብስበው ይጋጠማሉ፤ የተለያየ ዘመድም ይገናኛል። ሚሊዮን ዶላር የፈሰሰበት ሊግ በ17 ዓመት ፈረሰ፤ ይህኛው ግን 40 ዓመት አልፎታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለዚህ ነው።

ክለባችን ባሕር ዳር ከተማ በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሲያልፍ ሁላችን ደስ ብሎናል። ነገር ግን ለእነዚህ ልጆች ኳስ ያስተማሩ፣ በየሰፈሩ ሜዳ በባዶ እግራቸው የተጫወቱ ሽማግሌዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ወደ አሜሪካ የሚጠራቸው የለም። ዕድራችን ሲሞቱ ድንኳን እንደሚተክል የታወቀ ነው። እኛ የምናሳስበው ኮሚቴው በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እነዚህ ሰዎች በስም እንዲመዘገቡ፣ ሲታመሙም ከአባላት ሁለት ሁለት ሰው ተመድቦ በተራ እንዲጠይቃቸው እንዲያስወስን ነው። ይህ ብዙ መዋጮ አይጠይቅም። ለሚመጣው ዓመት በሰላም ያድርሰን።