በሦስት የሚሄድ ሞተር

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1888 ቤርታ ቤንዝ የተባለች ጀርመናዊት፣ ባሏ ካርል ቤንዝ የሠራትን ባለ ሦስት ጎማ መኪና አስነስታ፣ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም ጉዞ ጀመረች። ርቀቱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለባሏ አልነገረችውም። መኪናዋ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ መንገድ ሄዳ አታውቅም። መንገዱ ላይ ጋራዥ የለም፤ የመኪና መካኒክ የሚባል ሙያም ገና አልተወለደም። እንደሚተረከው፣ የነዳጅ መስመሩ ሲዘጋባት በባርኔጣዋ መርፌ ጠርጋ ከፈተችው። የእሳቱ ሽቦ ልባሱ ተልጦ ሲያስቸግራት ደግሞ የካልሲዋን ማሰሪያ ፈትታ ጠቀለለችበት። ነዳጅ ሲያልቅባት ቪስሎክ ከሚባል ከተማ ከመድኃኒት ቤት ገዛች።

ይህ ታሪክ ሲነገር ሁሌም የሚጎላው የሴትየዋ ድፍረት ነው፤ ይገባታልም። እኔን የሚይዘኝ ግን የሁለቱ ብልሽቶች ነገር ነው። አንዱ የነዳጅ፣ ሌላው የእሳት። ዛሬም የቤንዚን ሞተር አቅሙ ሲዛባ፣ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ፣ ዳገት ላይ ሲቆራርጥ፣ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ሦስት ብቻ ናቸው። ነዳጁና አየሩ በልኩ ገብቷል ወይ? እሳቱ በሰዓቱ መጥቷል ወይ? ሲሊንደሩ የገባውን ጨምቆ መያዝ ይችላል ወይ? ቤርታ ቤንዝ በአንድ ቀን መንገድ ሁለቱን መልሳለች።

እንግዲህ የሷ ሞተር አንድ ሲሊንደር ብቻ ነበረው። አንድ ሲሊንደር ሲኖር ነገሩ ቀላል ነው፤ ካልሠራ መኪናዋ ቆመች ማለት ነው። እንቆቅልሹ የመጣው ሲሊንደሮቹ ሲበዙ ነው። ኒኮላውስ ኦቶ እ.ኤ.አ. በ1876 በሠራው ባለ አራት ምት ዑደት፣ ክራንክሻፍቱ ሁለት ዙር ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ ጊዜ ብቻ ይተኩሳል። አራት ሲሊንደር ካለ በየግማሽ ዙሩ አንድ ተራ ይደርሳል። ከአራቱ አንዱ ተራውን ከዘለለ ሞተሩ አይጠፋም። ሦስቱ አራተኛውን ተሸክመው ይሄዳሉ፤ ለአራት የተካፈለ ሸክም ለሦስት ይሆናል፣ መኪናዋም ትንገዳገዳለች። ይህንን ነው መካኒኮቻችን «በሦስት ነው የምትሄደው» የሚሉት። ጥያቄው ታዲያ፦ የቀረው የትኛው ነው?

ለዚህ ጥያቄ ከማውቃቸው መልሶች ሁሉ የሚያምረኝ የፎርድ ሞዴል ቲ ነው። መኪናዋ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 ተሠርታ ከ15 ሚሊዮን በላይ ወጥታለች። የገዛት ብዙው ሰው ገበሬ ነው፤ ቅርቡ መካኒክ የሌለው። ለአራቱ ሲሊንደሮች አራት ኮይል ነበራት፣ እያንዳንዱ በራሱ የእንጨት ሳጥን ውስጥ። በያንዳንዱ ኮይል ላይ እየነዘረ «ዝዝዝ» የሚል ስስ ብረት አለ። ብረቱን በጣትህ ከያዝከው ድምፁ ይቆማል፣ የዚያ ሲሊንደር እሳትም ይጠፋል።

የፎርድ የመመሪያ ደብተር ለባለቤቱ የሚያስተምረው ይህንን ነበር። ሞተሩን ደህና አድርገህ አስነሳና የ1ኛውንና የ4ኛውን ብረት በጣቶችህ ያዝ። አሁን የሚሠሩት 2ኛውና 3ኛው ብቻ ናቸው። እነሱ ሳያቋርጡ ከተኮሱ፣ ችግሩ ካያዝካቸው ከሁለቱ በአንዱ ነው። ቀጥለህ 4ኛውን ልቀቅና ሌሎቹን ሦስቱን ያዝ። 4ኛው በትክክል ከሄደ፣ አጥፊው 1ኛው ነው። ደብተሩ በዚህ አያበቃም። ሲሊንደሩ ከታወቀ በኋላ ኮይሉን ከሌላ ሲሊንደር ኮይል ጋር ቦታ አቀያይረህ እይ ይላል፤ ጥፋቱ የኮይሉ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው።

እኔ የምተዳደረው ሶፍትዌር በመጻፍ ነው። ትናንት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ዛሬ እንቢ ሲል፣ በመሀል ሁለት መቶ ለውጦች ተደርገው ከሆነ፣ አንድ በአንድ አንፈትሽም። መሀሉን ቆርጠን «እስከዚህ ደህና ነበር?» እንላለን፤ ከዚያ ግማሹን፣ የግማሹን ግማሽ። ባይነሪ ሰርች ይባላል፣ ዩኒቨርሲቲም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያስተምሩናል። የካንሳስ ገበሬ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ሳይኖር በአራት ጣቱ ይሠራው ነበር።

ይህ ዘዴ ግን ከመኪናዋ ጋር ተቀየረ። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ በባትሪ የሚሠራ የእሳት ሥርዓት አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1910 የካዲላክ መኪኖች ላይ ገባ። ውሎ አድሮ አንድ ኮይል እሳቱን በዲስትሪቢዩተር በኩል ለሁሉም ማከፋፈሉ የተለመደ ሆነ። ርካሽና ቀላል ነው። ኮይል አቀያይሮ መፈተን ግን ቀረ፤ አንድ ብቻ ነዋ። በምትኩ መካኒኩ ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመዶችን ተራ በተራ ይነቅላል። ጤነኛው ሲነቀል ሞተሩ ይወርዳል። ተነቅሎም ድምፁ ካልተለወጠ፣ «ይሄ ድሮም አልነበረም» ማለት ነው። ምርመራው ከጣት ወደ ጆሮ ሄደ።

የኛ አገር የጋራዥ ቋንቋ የተሠራው በዚህ የጆሮ ዘመን ነው። ቃላቱን ስሟቸው፦ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጎማ። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው። ሙያው ከሰው ወደ ሰው፣ ከጌታ ወደ ለማጅ፣ ያለ ደብተር ተላለፈ። ልጁ መጀመሪያ መፍቻ ማቀበል፣ ቀጥሎ ድምፅ መለየት፣ ቀጥሎም ካንዴላ ማንበብ ይማራል። ጫፉ ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ነዳጅ በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ ሞተሩ ነዳጅ አንሶት ጋለ፤ በዘይት ከራሰ ዘይት ወደ ውስጥ እያለፈ ነው፤ ቡናማ ከሆነ ይመስገን ነው። እኔ ኢንጂነሪንግ ስማር የኦቶን ዑደት በግራፍ ነው ያጠናሁት። ካንዴላ የሚያነብ ለማጅ ያንኑ ዑደት በመዳፉ ይዞት ነበር።

ይህን ጆሮ ወደ ማሽን የቀየረው የጋራዥ ችግር አይደለም። የሎስ አንጀለስ አየር ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ክረምት ከተማዋን ዓይን የሚያቃጥል ጭጋግ ሸፈናት፤ በጦርነቱ ዘመን ስለነበር የጠላት ጋዝ የመሰለው ሰውም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አሪ ሃገን-ስሚት የተባለ የካልቴክ ኬሚስት ምክንያቱን አሳየ። ከመኪናና ከነዳጅ ማጣሪያ የሚወጣው ያልተቃጠለ ነዳጅና የናይትሮጅን ኦክሳይድ፣ ፀሐይ ሲመታው ኦዞን ይፈጥራል። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1970 ባወጣው የንጹሕ አየር ሕግ የመኪና ጭስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በ90 ከመቶ እንዲቀንስ አዘዘ። ከ1975 ሞዴሎች ጀምሮ ካታሊቲክ ኮንቨርተር በጭስ ማውጫው ላይ በብዛት ገባ።

እዚህ ላይ ነው በሦስት የምትሄደው መኪና ከመንግሥት ጋር የተገናኘችው። ተራውን የዘለለው ሲሊንደር የጠጣውን ቤንዚን ሳያቃጥል ወደ ጭስ ማውጫው ይተፋዋል። ቤንዚኑ ኮንቨርተሩ ውስጥ ደርሶ እዚያ ይቃጠላል፤ ሙቀቱ ውስጡን እስከ ማቅለጥ ይደርሳል። ኮንቨርተሩ ከሞተ መኪናዋ መሄዷን ትቀጥላለች፣ ሹፌሩም ላያውቅ ይችላል። የሚያውቀው አየሩ ብቻ ነው። ስለዚህ መኪናዋ ራሷን እንድትከታተልና እንድትናገር ተፈለገ።

በ1981 ጄነራል ሞተርስ አሜሪካ ውስጥ በሚሸጣቸው የቤንዚን የቤት መኪኖቹ ላይ የሞተር ኮምፒውተር አስገባ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው መብራት ብልጭ ብልጭ በማለት ቁጥር ትቆጥር ነበር። ካሊፎርኒያ ከ1988 ሞዴሎች ጀምሮ መኪኖች ራሳቸውን የሚመረምሩበት ሥርዓት እንዲኖራቸው አስገደደች። ከ1996 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ የቤት መኪና ሁሉ ኦቢዲ ሁለት የሚባለውን አንድ ወጥ ሥርዓት እንዲይዝ ሆነ፤ ባለ 16 ቀዳዳ አንድ ዓይነት ሶኬት፣ አንድ ዓይነት የኮድ አቆጣጠር። አውሮፓ በ2001 ለአዳዲስ የቤንዚን መኪኖች ተከተለች።

መኪናዋ የቀረውን ሲሊንደር እንዴት ታውቃለች? ክራንክሻፍቱ ላይ ጥርስ ያለው ጎማ መሰል ብረት አለ፣ አጠገቡ ሴንሰር። ሲሊንደር ሲተኩስ ክራንክሻፍቱ ለቅጽበት ይፈጥናል፤ ሲዘል ለቅጽበት ይዘገያል። ኮምፒውተሩ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ጊዜ ይለካል፣ መዘግየቱ በማን ተራ ላይ እንደመጣ ያያል። የ2ኛው ከሆነ ፒ0302 ብሎ ይመዘግባል፤ የተቀላቀለ ከሆነ ፒ0300። ዝላዩ ኮንቨርተሩን የሚያቃጥል ያህል ከሆነ መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች። ልብ በሉ፣ የድሮው መካኒክ በጆሮው ይሰማ የነበረው ይኸው መንገዳገድ ነው። ማሽኑ የጨመረው ትዕግሥትን ነው፤ እያንዳንዱን ዙር ሳይሰለች ይቆጥራል።

ኮዱ ግን የት እንደሆነ ይናገራል እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም። የዚህን ልዩነት ዋጋ ያየሁት በአጎቴ ያሪስ ነው። አጎቴ በመኪናው ነው የሚያድረው፤ ሰው ያመላልሳል። ያልሠራበት ቀን ያልበላበት ቀን ነው። መኪናዋ መንቀጥቀጥ ጀመረች፣ መብራቱ በራ። አንድ ጋራዥ ስካነር ሰክተው ፒ0302 አዩና «ኮይል ነው» አሉት። ኮይል ተገዛ። በሦስተኛው ቀን መብራቱ ተመለሰ። አሁን ደግሞ አራቱም ካንዴላ ይቀየር ተባለ። ተቀየረ፤ መብራቱ ተመለሰ። ያኔ ደወለልኝ፤ «ኮምፒውተር የምታውቅ አንተ ነህ፣ በል ና» አለኝ።

አብረን የሄድነው በዕድሜ የገፉ መካኒክ ዘንድ ነው። ልጆቹ «ጋሼ» ነው የሚሏቸው። ስካነሩን ሰኩ፣ ኮዱን አነበቡ፣ አጠፉት። ምንም ግዙ አላሉም። የ2ኛውንና የ3ኛውን ኮይል አቀያየሩና መኪናዋን ዳገት አስወጧት። ኮዱ ያው 2ኛው ላይ ነው። ካንዴላዎቹን አቀያየሩ፤ ያው። የአራቱንም ሲሊንደሮች ጭምቀት ለኩ፤ ተቀራራቢ ነው። ከዚያ የ2ኛውን ኢንጄክተር ከ3ኛው ጋር አቀያየሩ። ከዳገቱ ስንመለስ ስካነሩ ፒ0303 አለ።

«አብሮ ሄደ» አሉ፣ ፈገግም ሳይሉ። ኢንጄክተሩ በቆሻሻ ተደፍኖ ነበር። ታጥቦ፣ ጎሚኒው ተቀይሮ ተመለሰ። ከሁለቱ ጊዜ ወጪ ጋር ሲተያይ የከፈለው ኢምንት ነው።

«ጋሼ፣ ይሄን ማቀያየር ከየት ተማሩት?» አልኳቸው።

«ድሮ የት ይቻላል? ኮይሉ አንድ ነበር፣ ገመድ ነበር የምንነቅለው። አሁን ይሻላል፣ ሁሉም የየራሱ አለው።»

ለሳቸው አዲስ የመሰለው ነገር የሞዴል ቲ ደብተር ላይ ከመቶ ዓመት በፊት ታትሟል። አዳዲሶቹ መኪኖች ለየሲሊንደሩ አንድ ኮይል ሲያደርጉ ሳያስቡት ወደ ፎርድ ሳጥኖች ተመልሰዋል። የተደፈነው ኢንጄክተርም የቤርታ ቤንዝ የነዳጅ መስመር ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ። በ1990 የአሜሪካ ሕግ ሲሻሻል፣ መኪና አምራቾች ከጭስ ጋር የተያያዘ የመመርመሪያና የጥገና መረጃቸውን ከራሳቸው ጋራዥ ውጭ ላሉ ጠጋኞችም እንዲሰጡ ተደነገገ። የማንኛውም ፋብሪካ መኪና በአንድ ርካሽ ስካነር የሚነበበው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ሕጉን አላወጣንም። ያገለገሉ መኪኖችን ስናስገባ ግን ሶኬቱም አብሮ ገባ። የጋሼ ስካነር የሚሠራው ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰዎች ስለ ሳንባቸው ስለተከራከሩ ነው።

አሁን ዘመኑ እየተለወጠ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከቻይና የመጡ የኤሌክትሪክ መኪኖች በየመንገዱ ይታያሉ። ለአየሩ መልካም ነው። ነገር ግን የሶኬቱ ሕግ የተጻፈው ስለ ጭስ ነው። ጭስ የሌላት መኪና በዚያ ሕግ ዕዳ የለባትም፤ የባትሪዋን ጤንነት ለማን እንደምትናገር የሚወስነው አምራቿ ሊሆን ይችላል። ካሊፎርኒያ ይህ ስለገባት በ2022 ባጸደቀችው ደንብ፣ ከ2026 ሞዴሎች ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪኖችም ወጥ በሆነ ሶኬት የባትሪያቸውን መረጃ እንዲያሳዩ አዝዛ ነበር። ያ ደንብ ግን የወጣው ለካሊፎርኒያ ገበያ ነበር፤ በቀጥታ ከቻይና ወደ ጂቡቲ ወደብ ለሚጫነው መኪና አይሠራም።

ስለዚህ በዚህ ጊዜ በውርስ አይመጣልንም፤ ራሳችን መጠየቅ አለብን። መኪና ሲገባ ቀረጡን፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ የሻንሲ ቁጥሩን የሚያይ አገር «በየትኛውም ጋራዥ ይነበባል ወይ?» የሚለውን መጨመር አያቅተውም። አለበለዚያ የነገው አጎት መኪናው መሄድ ሲያቅታት፣ የት እንደታመመች የሚያውቀው አንድ ድርጅት ብቻ ይሆናል። ጋሼም መሣሪያቸውንና አርባ ዓመት የለፉበትን እውቀት ይዘው፣ ለመጠየቅ እንኳ የማትፈቅድ መኪና አጠገብ ይቆማሉ።